ስማቸውን ማን ይጥራ?

ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ የእጅ ስልኩን ወደኔ ገፋ አደረገና «እስቲ ይህን ጉድ እይልኝ» አለኝ። አየሁት። ባሕር ማዶ የተሠራ፣ ኮንቴምፖራሪ ዳንስ የሚሉት ዓይነት ትርዒት ነው። መድረኩ ባዶ ነው። ሴቶቹም ባዶ እግራቸውን ናቸው። የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ክረምት ነጎድጓድ ያጓራል። ልጆቹ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ ጸጉራቸውን ይበትናሉ፣ መሬቱን በእግራቸው ይደበድባሉ። ትርዒቱ የተሠራው የሮክ ሙዚቃን ያቀኑ ሴቶችን ለማወደስ ነው አሉ። በየመሐሉ የአንዷ ዘፋኝ ስም ከኋላቸው ግድግዳ ላይ በብርሃን ይጻፋል። ስሟ በተጻፈ ቁጥር አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል።

ወዳጄ ሳቀ። «ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ እንዲህ ያደርገዋል» አለ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ዓይኔ የቀረው ዳንሱ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነው። የሴት ዘፋኝ ስም ያን ያህል ገዝፎ ተጽፎ ሳይ ሐሳቤ በአንዴ ዓባይን ተሻግሮ ቢቸና ገባ፤ ከቢቸናም ሞጣ። ለመሆኑ እዚያ እንዲህ ያለ ግድግዳ ቢገኝ የማንን ስም እንጽፍበታለን?

ጎበዝ፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ዳንስ ይምሰል እንጂ ስለ ስም ነው።

ስም የሌለው መቃብር

«ፈረንጆቹማ ሁሉ ነገር ተመቻችቶላቸው» እንዳይባል በነሱ ልጀምር። ሮክ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ኤልቪስ ፕሪስሊንና ቢትልሶችን ነው። ከነሱ አስቀድማ ግን ሲስተር ሮዜታ ታርፕ የምትባል፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1915 አርካንሳ ውስጥ የተወለደች ጥቁር ዘማሪ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር አንግታ መዝሙሩን ታንቀጠቅጠው ነበር። ኋላ ዓለም ያጨበጨበላቸው ወንዶች ከሷ ተምረዋል። በ1973 ስትሞት ግን ፊላደልፊያ ውስጥ የተቀበረችበት ቦታ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። ድንጋዩ የቆመላት ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2008 አድናቂዎቿ የሙዚቃ ዝግጅት አድርገው ገንዘብ ካሰባሰቡ በኋላ ነው። የሮክ ዝነኞች መዝገብ ውስጥ የገባችውም በ2018 ነው። ስንት ዓመት እንደሆነ እናንተ አስሉት።

የብሉዝ ንግሥት ትባል የነበረችው ቤሲ ስሚዝም በ1937 በመኪና አደጋ ሞታ 33 ዓመት ያለ ስም ተኝታ ነበር። በ1970 ድንጋዩን ካቆሙላት ሁለት ሴቶች አንዷ የሮኳ ዘፋኝ ጃኒስ ጆፕሊን ናት። ጆፕሊን ራሷ በዚያው ዓመት በ27 ዓመቷ ሞተች። ቢግ ማማ ቶርንተን ደግሞ «ሃውንድ ዶግ» የተባለውን ዘፈን በ1952 ስትቀዳው አገሩን አናውጣው ነበር። ኤልቪስ በ1956 ዘፈነውና ዓለም የሱ አደረገው።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ በግድግዳ ላይ ያየሁት ስም ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። ተረስቶ የነበረ ስም ነው። ሌሎች ሴቶች ከመቃብር ፈልፍለው አወጡት፣ ድንጋይ አቆሙለት፣ መጽሐፍ ጻፉለት። በመጨረሻ ዳንስ ሆነ።

እትዬ እና ጊታሩ

ወደኛው እንመለስ። ያደግሁት ደጀን ላይ ከደብረ ማርቆሱ ተገንጥሎ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። በደርግ ዘመን ሁለቱም የአውራጃ ዋና ከተሞች ነበሩ። እንደ አገሩ ሁሉ ኪነትም ነበራቸው። ከሁለቱ በአንዷ (የትኛዋ እንደሆነች ለኔ ትቆየኝ) በኪነቱ ውስጥ የሰፈራችን ልጅ ነበረች። ከኔ አምስት ስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ እትዬ እያልሁ ነው ያደግሁት።

ቡድኑ አንድ ከበሮ፣ ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ጊታር ነበረው። ጊታሩ የወንዶች ነው። ሴቶቹ ይጨፍራሉ፣ ይቀበላሉ፣ ሲያልቅ አዳራሹን ይጠርጋሉ። ወንዶቹ ጠላ ቤት ሲወርዱ ግን እትዬ ጊታሩን ታነሣና የእናቷን የወፍጮ እንጉርጉሮ ትጫወትበት ነበር። እኛ ልጆቹ በመስኮት እናያለን። ቀኝ እግሯ መሬቱን ይመታል፣ ትከሻዋ ራሱን ችሎ ይሄዳል፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሮክ የሚባል ነገር ስሙንም አልሰማንም ነበር። ሰሞኑን ያንን የባሕር ማዶ ትርዒት ሳይ ግን ያን እግር ዐወቅሁት።

በ1975 ዓ.ም. የአብዮት በዓል ዕለት ጊታረኛው ታመመና እሷ ጊታሩን ይዛ ወጣች። ሕዝቡ መጀመሪያ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ከወደ ኋላ አንዲት እናት እልል አሉ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ሲያበቃ የመድረኩ መሪ «ለአብዮታዊው የኪነት ቡድን ደማቅ ጭብጨባ!» አለ። የማንንም ስም አልጠራም። ማታ ግን ስሟ ተጠራ፤ በየጠላ ቤቱና በየምንጩ። «የእገሌ ልጅ አዝማሪ ወጣች» ተባለ። ታጭታ ነበር፤ የልጁ ወገኖች ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን አነሡ። አባቷ እስከ ፋሲካ ድረስ አላነጋገሯትም። ስትዘፍን ስም የላትም፤ ስትሰደብ ግን ስሟ ከነአባቷ ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አውቶቡስ ተሳፍራ አዲስ አበባ ገባች። ብዙ ዘመን ቆይቼ ያገኘኋት በርበሬና ሽሮ ስትሸጥ ነው።

«እትዬ፣ ጊታሩስ?» አልኋት።

«የቱ ጊታር?» ብላ ሳቀች። ቆየት አለችና «ጣቴ እንኳ ረስቶታል። በርበሬ ስቀነጥስ ግን አንዳንዴ እግሬ ይመታል» አለችኝ።

ስላንቺ ልጽፍ ብል ይከፋሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ጻፍ። ስሜን ግን ተወው፤ ልጆች አሉኝ» አለች። በርበሬውን በስኒ እየሰፈረች «ድሮስ መቼ ተጽፎ ያውቃል፣ ወንድምዓለም?» አለችኝ።

የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል። የኪነቱ ነገር ግን ያው ነው። በደርግ ለአብዮት በዓል፣ በኢሕአዴግ ለግንቦት 20፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ለለውጡ፣ ለብልጽግናው፣ ለምረቃው፣ ለኮንፈረንሱ። ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር ሴቶቹ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ መቀነት ታጥቀው መንገድ ዳር ይሰለፋሉ። ፀሐዩ አናታቸውን እየመታው፣ ሰውየው እስኪመጣ ሦስት ሰዓትም አራት ሰዓትም ይቆማሉ። መኪናው ሲታይ እስክስታው ይጀመራል። ማታ ዜናው የባለሥልጣኑን ስም ከነማዕረጉ ይጠራል፤ አጠገቡ የቆመውን፣ ከዚያ ወዲያ የቆመውንም ይጠራል። ስለ ሴቶቹ ግን «በባህላዊ ጭፈራ ደማቅ አቀባበል ተደረገላቸው» ይላል።

ተደረገላቸው! እስቲ ሰዋስው ዐዋቂ ይንገረኝ፤ የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት የት አለች?

ተቃዋሚ ነን የምንለውም ብንሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በየስብሰባችን መክፈቻ ዘፋኝ እንጠራለን። ዘፈኗ ሲያበቃ «አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንለፍ» እንላለን። የሷ ነገር ቁም ነገር አልነበረም ማለት ነው። ምሁሩም ያው ነው። አዝማሪ ቤት ገብቶ፣ ግጥም ሰጥቶ፣ ተቀበይኝ ብሎ ሲስቅ ያመሸና እህቱ ዘፋኝ ልሁን ብትለው ዱላ ያነሣል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው እንላለን። እውነት ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ጎን ነው። ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቢቸና ሲነሣ በላይ ዘለቀ ይነሣል። አምስቱን ዓመት ጣሊያንን የተዋጋው፣ ከነጻነት በኋላ ቢቸናን ሲያስተዳድር ቆይቶ ከመንግሥት ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው አርበኛ። ስለሱ የተገጠመውን ጎጃሜው ብቻ ሳይሆን አገሩ ሁሉ በቃሉ ይለዋል። ሙሾ ማውረድ በኛ አገር ይበልጡን የሴት ሥራ ነው። ታዲያ እነዚያን ስንኞች መጀመሪያ ከአንጀቷ ያወጣችው ማን ናት? «የአገሬው ሰው ገጠመ» እንላለን። የአገሬው ሰው እናት አባት የለውም? ስም የለውም?

ስም ሲጻፍ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እዚያው ጎጃም ወንበር ዘርግተው ለወንድ ተማሪዎች ቅኔ አስተምረዋል። ስማቸው ተጽፏል። ስለተጻፈም ዛሬ «ሴት ቅኔ አይሆንላትም» የሚል ቢነሣ አፉን የምናስይዘው በሳቸው ስም ነው። ስማቸው ባይጻፍ ኖሮ ግን እሳቸውም «አንዲት ሴት ነበረች አሉ» ሆነው በቀሩ ነበር።

ስም ያገኙትስ?

«ኧረ ዝነኛ የሆኑ ሴቶች ሞልተዋል» የሚለኝ አይጠፋም። አሉ እንጂ! አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ፣ መድረክ ላይም ተዋናይ ሆና፣ የሰዉን አፍ ችላ ኖራ በመስከረም 2004 አረፈች። ብዙነሽ በቀለ ከክብር ዘበኛ ባንድ ጋር፣ ሂሩት በቀለ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ወንዶቹ በሞሉት መድረክ ላይ ቆመው አገር አስለቅሰዋል። አስቴር አወቀ አሜሪካ ተሻግራ ኮሎምቢያ በተባለው ትልቅ ኩባንያ ሸክላዋን አሳትማለች።

ከጎጃምም እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ አለች። ቻግኒ ተወለደች። በኬንያ አድርጋ አሜሪካ ገባች። እንደ ፈረንጆቹ በ2001 በስሟ የተጠራው አልበም ሲወጣ ያዘጋጀው አሜሪካዊው የባስ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነበር። ኸርቢ ሃንኮክንና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ሊቃውንት ከኋላዋ ሆነው ተጫውተውላታል። ያንን ድምፅ የሰማ ጎጃሜ የቅዳሴው ዜማም የእናቱ እንጉርጉሮም በአንድ ጊዜ ይመጣበታል።

ያው ላስዌል ኋላ እጁን ያስገባበት «ኤርታሌ» የተባለው የጃኖ ባንድ አልበም በ2005 ዓ.ም. ወጣ። ይህኛውማ ዓይን ያወጣ ሮክ ነው። ከአራቱ ድምፃውያን ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ሔዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ። ሮክ ነው ብለው አላፈሩም፤ ስማቸውንም ከፈረንጅ አልተበደሩም። ጃኖ አያቶቻችን ለክብር ቀን የሚለብሱት ባለ ቀይ ጥለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጂጂ ስሟ እንዲጠራ ባሕር መሻገር ነበረባት። ጃኖዎቹ የወጡት ከአዲስ አበባ ነው። ሞጣ ላይ ሆና፣ ሞጣ ላይ ዘፍና፣ ሞጣ ላይ ስሟ የተከበረላት ማን ናት? እኔ በበኩሌ አንዲትም ልጠራላችሁ አልችልም። መሄድ የቻለች ስም ታገኛለች፤ የቀረችው «የባህል ቡድን» ትባላለች።

እኛስ አንደንስም?

ኮንቴምፖራሪ ዳንስ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ አዲስ አበባ መጥቶ ችግረኛ ልጆችን አሰባስቦ አሠልጥኗል። ከዚያ ሥራ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ወጣ። ከነዚያ ልጆች መሐል ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ቆመዋል፤ ደስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድንም መሥርተዋል። ዳንሰኛ አለን ማለት ነው። የጠፋው ወደ ቢቸና የሚሄድ ነው።

ቢሄዱ ምን ያገኛሉ? የጎጃምን እስክስታ ያገኛሉ ብላችሁ እዚያ እንዳታቆሙ። እስክስታውንማ በየምግብ ቤቱ ለቱሪስት ሲያቀርቡት እናያለን። እኔ የምለው ሌላ ነው። ወፍጮ ላይ የተደፋች ሴት ወገቧ ሲሄድና ሲመለስ፣ ትንፋሿ ዜማውን ሲቆርጠውና ሲቀጥለው ይዩ። ሙሾ አውራጇ ደረቷን ስትደቃ፣ ነጠላዋን አሸርጣ ወደ ላይ ስትዘል ይዩ። የአዝማሪዋን ዓይን ይዩ፤ ማሲንቆው የባሏ ነው፣ ግጥሙን የምትነጥቀው ግን እሷ ናት፤ ማን ብር እንደሚሸልም፣ ማን ሰክሮ እንደሚሳደብ በአንድ እይታ ታውቃለች። ይህ ሁሉ ዳንስ ነው። በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ቢጨመርበት ባህል አይፈርስም። እትዬ ድሮ ጨምራበታለች።

«ባዕድ ባህል ልታስገባብን ነው» የሚሉኝን ዐውቃቸዋለሁ። ጊታሩ ባዕድ ከሆነ ለስብሰባችሁ የምታቆሙት ማይክሮፎንስ የማን ነው? ደግሞ የሚያናድዳቸው ጊታሩ አይደለም። ወንድ ሲይዘው መች ተቆጡ? የሚያናድዳቸው የያዘችው እጅ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው፤ በአክብሮት ልመልሰው ይገባኛል። «ሰው እየሞተ ስለ ዳንስ ታወራለህ?» የሚለው። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል የተነሣው ውጊያ ምሥራቅ ጎጃምንም አልማረም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ መንገድ ተቆርጧል፣ ስንቱ ቤት ሐዘን ተቀምጧል። እኔም ያንን መንገድ ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ መድረክ አይደለም።

ግን እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ለዚህ ሁሉ ሬሳ የሚያለቅሰው ማን ነው? ዛሬም ሙሾ አውራጇ ናት። የዚህን ዘመን መከራ ሌላው ሁሉ ሲፈራና ሲቀባባ በግጥም አድርጋ የምትናገረው እሷ ናት። ባለሥልጣኑ መግለጫ ያወጣል፣ ታጣቂው መግለጫ ያወጣል፣ እኛም ጋዜጣ ላይ እንጽፋለን። እውነተኛው መዝገብ ግን ለቅሶ ቤት ነው ያለው። ካልጻፍነው ልክ እንደ በላይ ዘለቀ ዘመን ስንኙ ይቀርና ባለቤቷ ትጠፋለች። ስለዚህ የማወራው ከሞቱ ሸሽቼ አይደለም። ደግሞ በጦርነት ጊዜ እንኳ ጭፈራው አልቀረም እኮ! ባለሥልጣን ሲመጣ ሴቶቹ ይጠሩ የለም? ለሱ ጊዜ ከተገኘ ስማቸውን ለመጻፍ ምን ጊዜ ይጠይቃል?

ምን ይደረግ?

መንግሥትን ብዙ አልለምነውም፤ ልመናው ኋላ ለኪነት ጥሪ ይሆናል። የምጠይቀው ትንሽ ነው።

አንደኛ፣ አንዲት ሴት መድረክ ላይ ስትወጣ ስሟ ከነአባቷ ይጠራ። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ቴሌቪዥኑም ከታች ያሳየው። ይህ ገንዘብ አያስወጣም።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ይከበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለሥራ አመንጪዎችና ለከዋኞች መብት ሰጥቷል። አንድ የከተማ ዘፋኝ ገጠር ወርዶ ከአንዲት እናት አፍ ዜማና ግጥም ቀድቶ «ከሕዝብ የተወሰደ» ብሎ ሲያወጣው ሕዝብ የተባለችው እናት ቁጭ ብላ ታየዋለች። ቢያንስ ስሟ ይጠቀስ፤ ከተገኘውም ይድረሳት።

ሦስተኛ፣ ይህ ለኛ ነው። ቢቸናና ሞጣ ተወልዳችሁ አዲስ አበባና አሜሪካ ያላችሁ፣ ማኅበር ያላችሁ፣ እጃችሁ ላይ ባለ ካሜራ ስልክ ያላችሁ፤ አገር ስትገቡ አክስታችሁን ቁጭ አድርጋችሁ አስዘፍኗት። ቅዱ። ስሟን፣ የትውልድ ቀበሌዋን፣ ዜማውን ከማን እንደተማረች ጠይቁና ጻፉ። ስሟን አትጻፉ ካለቻችሁም አክብሩላት፤ ግን ለምን እንደፈራች ጠይቁ። መልሱ የኛ ጥፋት ነውና።

አራተኛ፣ ለዳንሰኞቹ። ትርዒቱን ሥሩ። መጀመሪያ ግን አዲስ አበባ ሳይሆን እዚያው አቅርቡት፤ ሰላሙ ሲመጣ፣ ያውም የሰፈሩ እናቶች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው።

ሰሞኑን በርበሬ ልገዛ ሄጄ ያንን የባሕር ማዶ ትርዒት ለእትዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው። አልሳቀችም፣ ፈረንጆቹንም አልሰደበች።

«ይኼ ግድግዳ ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ስማቸው ነው» አልኋት።

ዝም አለች። ከጠረጴዛው በታች እግሯ መሬቱን ሲመታ ሰማሁት።

ቸር ያሰንብተን።